የመስመሩ ሰው፦ የፓይሬትስ ደጋፊዎች እና ሃፒ ጄሌ

የደርቢ ቀን ሲሆን ጆሃንስበርግ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ካላንደር ማየት አያስፈልገውም። ጠዋት ገና በሩ ሲከፈት ይታወቃል። አንዱ ደንበኛ ቢጫና ጥቁር ማሊያ ለብሶ፣ ሁለት ጣቱን ቀስሮ ይገባል፤ እሱ የካይዘር ቺፍስ ነው። ሌላው ጥቁርና ነጭ ለብሶ፣ ደረቱ ላይ የራስ ቅልና የተመሳቀለ አጥንት ታትሞበት፣ ሁለት ክንዱን ከራሱ በላይ አመሳቅሎ ሰላም ይላችኋል፤ እሱ ደግሞ የኦርላንዶ ፓይሬትስ ነው። ዳቦና ኤርታይም ገዝተው እየተከራከሩ ይወጣሉ። ማታ አንዱ እየዘፈነ፣ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

በሚቀጥለው ጊዜ ያ ጥቁርና ነጭ ለባሽ ሲመጣ አንድ ስም ጥሩለት፦ ሃፒ ጄሌ። የአጥቂ ስም ብትጠሩለት ጎሉን ይተርክላችኋል። የበረኛ ስም ብትጠሩለት ያዳነውን ኳስ ያወራላችኋል። ጄሌ ስትሉት ግን ትንሽ ማሰቡ አይቀርም። የተከላካይ ትዝታ እንደዚያ ነው፤ አንድ ጎል፣ አንድ ቀን ተብሎ የሚጠቀስ አይደለም። ዓመታት ናቸው። ይህ ጽሑፍም ስለ እነዚያ ዓመታት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ያዙልን።

16 ዓመት በአንድ ማሊያ

ኦርላንዶ ፓይሬትስ በ1937 ዛሬ ሶዌቶ በምንለው አካባቢ፣ ኦርላንዶ ኢስት ውስጥ የተመሠረተ ክለብ ነው። በ1995 የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦችን ዋንጫ ሲያነሣ ከደቡብ አፍሪካ ክለቦች የመጀመሪያው ነበር። በ1970 ካይዘር ቺፍስን የመሠረተው ካይዘር ሞታውንግ ራሱ ቀድሞ የፓይሬትስ ተጫዋች ነው። ስለዚህ ደርቢው የአንድ ቤት ልጆች ጠብ ነው፤ እንዲህ የሚያቃጥለውም ለዚህ ይሆናል።

ሃፒ ጄሌ ወደዚህ ቤት የገባው በ2006 ነው፤ የ19 ዓመት ልጅ ነበር። የወጣው በ2022 ነው። 16 ዓመት ሙሉ ሌላ ማሊያ ሳይለብስ፣ ወደ 400 ጨዋታ ለአንድ ክለብ ተሰልፏል። በቀኝ መስመር ተከላካይነት ጀመረ፤ እያደገ ሲሄድ መሀል ላይም ተጫወተ፤ መጨረሻ ላይ አምበል ሆነ።

እዚህ ላይ ለእኛ ቅርብ የሆነ ነገር አለ። በዚያው በ2006 የእኛው ፍቅሩ ተፈራ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ፓይሬትስን ተቀላቅሏል። ፍቅሩ አጥቂ ነበር፤ እግሩም እንደ አጥቂ ነው፣ አንድ ቦታ አይቆምም። ከፓይሬትስ ወደ ሱፐርስፖርት ዩናይትድ ሄደ፤ ከዚያም አውሮፓና እስያ ዞረ። በኦክቶበር 2014 ህንድ ውስጥ አዲስ የተጀመረውን ትልቁን ሊግ የመጀመሪያ ጎል ያስቆጠረው እሱ ነው፤ ለኮልካታው ክለብ። ስሙ በዚያ አገር የኳስ ታሪክ ገጽ አንድ ላይ ተጽፎ ይኖራል።

ሁለቱ በአንድ ዓመት አንድ በር ገቡ። አንዱ ሄደና በሩቅ አገር ታሪክ ሠራ። ሌላው ቀረና ከዓመት ዓመት ያንኑ የቀኝ መስመር ወጣ ወረደ። ሁለቱንም ዓይነት ሰው እናውቃቸዋለን፤ ጄፒ ላይም፣ ሎኬሽን ውስጥም፣ በየቤታችንም አሉ። ስለ ሄደው ብዙ ይወራል። ስለ ቀረው የምናወራው ግን መቼ ነው?

ፉልባክ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ኳስ የማትከታተሉ ብትኖሩ በአጭሩ እንንገራችሁ። አሥራ አንድ ተጫዋች ወደ ሜዳ ይገባል። ከበረኛው ፊት ብዙ ጊዜ አራት ተከላካዮች ይቆማሉ። ከአራቱ ሁለቱ መሀል ናቸው፤ ሁለቱ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ። እነዚህን የጠርዝ ሰዎች ነው የመስመር ተከላካይ ወይም ፉልባክ የምንላቸው።

ሥራቸው የሁለት ሰው ሥራ ነው። ቡድኑ ሲያጠቃ እስከ ማዕዘን ምት ባንዲራ ሮጠው ኳስ ማሻማት አለባቸው። ኳሱ ሲነጠቅ ደግሞ ያንን ሁሉ መንገድ ተመልሰው፣ ከተጋጣሚው ፈጣን ሰው ቀድመው መድረስ አለባቸው። ይህን በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ እንደሚያደርጉት የሚቆጥር ደጋፊ የለም። ባልደረሱባት አንዲት ጊዜ ግን አርባ ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ ይቆጥራል።

ሌላም ነገር አለ። ፉልባክ ለደጋፊ ቅርብ ነው። መሀል ሜዳ ያለው ተጫዋች ጩኸቱን በጅምላ ይሰማል፤ የመስመሩ ሰው ግን ከመቀመጫዎቹ ሥር ነው የሚሮጠው። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ወይም ሚስማር ተራ ሆኖ ኳስ ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ስድቡም ምርቃቱም ቀጥታ ጆሮው ላይ ነው የሚያርፈው። ኦርላንዶ ስታዲየምም እንዲሁ ነው፤ በጠርዝ በኩል የሚጫወተው ሰው የደጋፊውን ፊት እያየ ነው የሚሮጠው።

የቤት ነገር እናስመስለው ብንል ፉልባክ ማለት ጠዋት ተነሥቶ ቡናውን የሚያፈላ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ሱቁን የሚከፍት ሰው ነው። ሁሉ ነገር በሰዓቱ ሲሆን ማንም አያየውም። የቀረ ቀን ነው ቤቱ የሚታወከው።

ስድስት ዋንጫ በሁለት ዓመት

የፓይሬትስ ደጋፊ ስለ ጄሌ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ 2010/11 እና 2011/12 ነው። ክለቡ በተከታታይ ሁለት የውድድር ዘመን ሦስት ሦስት ዋንጫ ያነሣበት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ኤምቲኤን 8ን፣ ሊጉንና የኔድባንክ ዋንጫን ወሰደ። በሁለተኛው ኤምቲኤን 8ን ደገመ፣ የቴልኮም ዋንጫን ጨመረ፣ ሊጉንም አላስነካም። ከእነዚህ አንዱ፣ የ2011ዱ ኤምቲኤን 8፣ በፍጻሜው ቺፍስን 1 ለ 0 አሸንፎ የተገኘ ነው። ያ አንድ ጎል እስከ ዛሬ በየሱቁ በር ላይ ይነሣል።

ስለ ተከላካይ ስናወራ ግን ልናስተውል የሚገባን የ2010/11ዱን ሊግ ነው። በመጨረሻው ቀን ፓይሬትስና አያክስ ኬፕ ታውን በነጥብ እኩል ነበሩ፤ 60 ለ 60። ዋንጫው በግብ ልዩነት ነው ወደ ሶዌቶ የመጣው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ዓመቱን ሙሉ የተቆጠረው እያንዳንዱ ጎል ተቆጥሯል፤ ሳይገባ የቀረው እያንዳንዱ ጎልም እንዲሁ። በሆነ ተራ የሳምንት አጋማሽ ጨዋታ፣ ውጤቱ ከለየለት በኋላ፣ ማንም ትዝ በማይለው ደቂቃ አንድ ተከላካይ ተወርውሮ ያወጣት ኳስ ዋጋ ነበራት። በዚያን ጊዜ ያጨበጨበለት አልነበረም ይሆናል።

በዚያ ዘመን የቡድኑ አምበል ላኪ ሌክጓቲ ነበር፤ እሱም ተከላካይ። አሠልጣኙ ሆላንዳዊው ሩድ ክሮል ነበር። ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ ከሆነ ታስታውሱታላችሁ፤ በ1974 እና በ1978 ሆላንድ ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ስትደርስ ሁለቱንም ተጫውቷል፣ በሁለተኛው አምበል ሆኖ። በ1974 የተጫወተው ደግሞ የግራ መስመር ተከላካይ ሆኖ ነው። ወጣቱ ጄሌ ከ2008 እስከ 2011 ያደገው መስመሩን በእግሩ በሚያውቅ ሰው እጅ ነው ማለት ነው።

የመስመር ተከላካይ ጀግና የሆነባት ምሽት

አልፎ አልፎ ግን የመስመር ሰውም ቀን ይወጣለታል። ኖቬምበር 2 ቀን 2013 ኦርላንዶ ስታዲየም የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ተደረገ። ተጋጣሚው የግብፁ አል አህሊ ነበር። መሐመድ አቡትሪካ በቅጣት ምት ቀድሞ አገባ። ፓይሬትስ ሲያጠቃ፣ ሲያጠቃ ሰዓቱ አለቀ። ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ታክሲ መውጣት በጀመረበት በባከነ ሰዓት አቻ የምታደርገዋ ጎል ገባች። ያስቆጠረው አጥቂ አልነበረም፤ ታቦ ማትላባ ነበር፣ የግራ መስመር ተከላካዩ።

ከስምንት ቀን በኋላ ካይሮ ላይ ፓይሬትስ 2 ለ 0 ተሸነፈና ዋንጫው እዚያው ቀረ። ቢሆንም የማትላባን ጎል ደጋፊው አልረሳም። የተሸነፈ ቡድን ጎል እንዴት እንደዚህ ይወደዳል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ ከጎሉ ይልቅ ያገባው ሰው ላይ ያለ ይመስለናል። መከላከል ሥራው የሆነ ሰው፣ ሁሉ ሲደክመው፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ እዚያ ፊት ምን ያደርግ ነበር? አላቆመም፤ ይኸው ነው።

ባዶ ስታዲየም ውስጥ ዋንጫ

ከ2014ቱ የኔድባንክ ዋንጫ በኋላ ለፓይሬትስ ክፉ ዓመታት መጡ። የዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የቡድኑና የብሔራዊ ቡድኑ አምበል፣ በረኛው ሴንዞ ሜይዋ፣ ቮስሎሩስ ውስጥ በጥይት ተገደለ። አገር አለቀሰ። በ2015 ክለቡ ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በቱኒዚያው ኤቷል ዱ ሳሄል ተሸነፈ። በፌብሩዋሪ 2017 ፕሪቶሪያ ላይ በማሜሎዲ ሰንዳውንስ 6 ለ 0 ሲሸነፍ የተናደዱ ደጋፊዎች ሜዳ ሰብረው ገቡ። ቀጥሎ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ደጋፊ የሚጨክነው በማን ላይ ነው? በቆየው ላይ። አዲስ የመጣ ተጫዋች "ገና ነው" ይባላል። የሄደ ሰው ይናፈቃል። ከፊት ለፊት የቆመው ነባር ሰው ግን የሁሉም ጥፋት ማረፊያ ይሆናል። ይህ ኳስ ሜዳ ላይ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ድርቁ የተሰበረው ዲሴምበር 12 ቀን 2020 ነው። ደርባን ላይ በኤምቲኤን 8 ፍጻሜ ፓይሬትስ ብሎምፎንቴን ሴልቲክን 2 ለ 1 አሸነፈ። ከስድስት ዓመት በላይ የተጠበቀ ዋንጫ ነበር፤ አምበሉም ጄሌ ነበር። ግን ጊዜው የኮሮና ነበርና ስታዲየሙ ባዶ ነው። ከጀርባው የሚጮህ ሰው የለም፣ ቩቩዜላ የለም፣ ማካራፓ ያደረገ ሰው የለም። ደጋፊው ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን አየው።

በ14 ዓመት ውስጥ ስድቡንም ምርቃቱንም በቅርብ የሰማ ሰው፣ አምበል ሆኖ ዋንጫ ባገኘባት ቀን የሚያጨበጭብለት አጠገቡ አልነበረም። የመስመር ተከላካይን ሕይወት በአንድ ሥዕል አሳዩን ብትሉን ይህንን እናሳያችኋለን።

"አንዴ ፓይሬት የሆነ…"

በሜይ 2022 ፓይሬትስ እንደገና ለኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ናይጄሪያ ኡዮ ከተማ ላይ ከሞሮኮው አርኤስ ቤርካን ጋር 1 ለ 1 ተለያይቶ በፍፁም ቅጣት ምት ተሸነፈ። ብዙም ሳይቆይ ክለቡ የጄሌን ውል እንደማያድስ አሳወቀ። 35 ዓመቱ ነበር። ወደ ሮያል ኤኤም ሄደ።

የፓይሬትስ ደጋፊዎች አንድ አባባል አላቸው፤ አንዴ ፓይሬት የሆነ ሁሌም ፓይሬት ነው ይላሉ። ክለብ ግን በአባባል አይመራም። ውል አለ፣ ዕድሜ አለ፣ ከሥር የሚመጣ ወጣት አለ። ክለቡን በዚህ መውቀስ ይከብዳል፤ ማንኛውም ክለብ የሚያደርገው ነው። አባባሉን እውነት የሚያደርገው ሌላ አካል ነው፤ ደጋፊው። ክለብ ውል ያፈርሳል፣ ደጋፊ ትዝታውን ይይዛል። ሲጫወት "ይቀየርልን!" ብሎ የጮኸበት ያው ሰው፣ አሁን አንድ ወጣት የመስመር ተከላካይ ሲሳሳት "ጄሌ ቢሆን ኖሮ" ማለት ይጀምራል። የተከላካይ ምስጋና ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

የእኛዎቹስ?

አሁን ጥያቄው ወደ እኛ ይምጣ። ጃንዋሪ 2013ን ታስታውሱታላችሁ። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲበቁ የመጡት ወደዚሁ ወደ ምንኖርበት አገር ነበር። ከጆሃንስበርግ በመኪናና በአውቶቡስ ተጭነን፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለብሰን ኔልስፕሩት ምቦምቤላ ስታዲየምን ሞላነው። ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 የወጣንበትን ጨዋታ ማን ይረሳዋል? በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶ፣ በጎዶሎ ሰው አዳነ ግርማ ሲያገባ እርስ በርሳችን ተቃቅፈን አልቅሰናል። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ሩስተንበርግ ላይ ደግሞ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። እንደዚያም ሆኖ ኮርተን ነው የተመለስነው።

አዳነን ታስታውሳላችሁ። ሳላዲን ሰይድን፣ ጌታነህ ከበደን ታስታውሳላችሁ፤ ጌታነህማ በዚያው ዓመት እዚሁ ጆሃንስበርግ ለቢድቬስት ዊትስ ፈርሟል። አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻውንም አትረሱም። እስቲ የመስመር ተከላካዮቹን ጥሩልን? ወረቀቱን አስቀምጡና ትንሽ አስቡ።

አበባው ቡታቆ። ስዩም ተስፋዬ። አሉላ ግርማ። ብርሃኑ ቦጋለ።

ስማቸውን ስታነቡ "አዎ!" ካላችሁ፣ የፓይሬትሱ ደንበኛችሁ ጄሌ ሲባል የሚሰማውን ነው የተሰማችሁ። ካላስታወሳችኋቸውም አትፈሩ፤ ብዙ ሰው አያስታውስም። ግን ያንን ጉዞ የተጓዝነው እነሱም በሮጡት ሩጫ ነው።

በቆጣሪው ወዲህና ወዲያ

በዚህ ከተማ ከደንበኛ ጋር የሚያግባባ ወሬ ዋጋው ስንት እንደሆነ ሱቅ ለያዘ ሰው መንገር አያሻም። በ2008፣ በ2015፣ በ2019 የሆነውን አይተናል። የኳስ ወሬ ያንን ያስቆማል ብለን አንዋሽም። ነገር ግን ስለ ጄሌ አብሯችሁ የተከራከረ ሰው ለእናንተ "ደንበኛ" ብቻ አይደለም፣ እናንተም ለእሱ "ባለሱቁ" ብቻ አይደላችሁም። ስም ትጠራራላችሁ። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ትንሽ ነገር ግን አይናቅም።

ልጆች ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ሞክሩ። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ወይ ፓይሬትስ ወይ ቺፍስ ናቸው፤ እኛ ደግሞ ስለ ጊዮርጊስና ቡና ስናወራ ያዛጋሉ። ቅዳሜ አብራችሁ ጨዋታ ስታዩ ኳሷን ተዉና አንዱን የመስመር ተከላካይ ብቻ ለአምስት ደቂቃ እንዲከታተል ንገሩት። ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ እጁን አንሥቶ ኳስ ሳይሰጡት ሲመለስ ይየው። "አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ አይደክመውም እንዴ?" ካላችሁ ወሬውን ከዚያ ጀምሩት፤ ስለ ጄሌም፣ ስለ አበባውም ንገሩት።

ከጨዋታው በኋላ ደግሞ በየቤታችሁ ያለውን የመስመር ሰው ፈልጉ። አንድ ቦታ 16 ዓመት የቆየ፣ በየጠዋቱ የሚከፍት፣ በየማታው የሚዘጋ፣ ሲኖር የማይታይ ሰው አታጡም። ለጄሌ ምስጋናው የደረሰው ማሊያውን ካወለቀ በኋላ ነው። ለቤታችሁ ሰው ግን ጊዜው ገና አላለፈም፤ ዛሬ ማታ ራት ላይ ንገሩት።